ስልጠናው አለቀ፣ ሰርተፍኬቱ ተሰጠ፣ ክፍል ውስጥ ግን የተለወጠ ነገር የለም፤ ምን ላድርግ?

የአይሲቲ መምህርት

ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አይሲቲ ሳስተምር ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ባለፈው መንፈቅ ዓመት መግቢያ ላይ ርዕሰ መምህራችን ጠርተው «ሙያው ያንቺ ነውና ባልደረቦችሽን አሰልጥኚልን» አሉኝ። ደስ እያለኝ ተቀበልኩ። ሦስት ቀን፣ 34 መምህራን፣ በኮምፒውተር ክፍላችን። ፓወርፖይንት፣ በኤክሴል ውጤት መመዝገብ፣ ኢሜይል፣ ፋይል ማጋራት፣ በጎግል ፎርም ጥያቄ ማዘጋጀት፣ የፕሮጀክተር አጠቃቀም፣ ሁሉንም አዳረስኩ። ለእያንዳንዱ ሰው የታተመ ማስታወሻ ሰጠሁ። በመጨረሻው ቀን መጠይቅ አስሞላሁ፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም «በጣም ጥሩ» የሚለውን ነው ያከበቡት።

ከሁለት ወር በኋላ የፕሮጀክተር መረከቢያ መዝገቡን ገልጬ አየሁ። ያሉን ሁለት ፕሮጀክተሮች ወደ ክፍል የወጡት 11 ጊዜ ነው። ከ11ዱ ሰባቱ ላይ ያለው የራሴ ፊርማ ነው። የቀሩት አራቱ የሁለት ወጣት መምህራን ናቸው።

አንድ ቀን ያየሁት ነገር ደግሞ ከልቤ አልወጣ ብሎኛል። ከ20 ዓመት በላይ ያስተማሩ፣ ተማሪ ሁሉ የሚወዳቸው የፊዚክስ መምህር አሉን። ስልጠናው ባለቀ በሳምንቱ ፕሮጀክተሩን ይዘው ገቡ። እኔ ወደ ክፍሌ ሳልፍ በበሩ በኩል አየኋቸው። ገመዱን ሰክተዋል፣ ግድግዳው ላይ ግን ሰማያዊ ብርሃን ብቻ ነው ያለው። ነቀሉ፣ ሰኩ፣ ላፕቶፑን አጥፍተው አበሩ። መጀመሪያ ጸጥ ብሎ የነበረው ክፍል ቀስ በቀስ መንሾካሾክ ጀመረ። ገብቼ ልርዳቸው አልርዳቸው ስል፣ በተማሪዎቻቸው ፊት እንዳላሳፍራቸው ፈርቼ አለፍኩ። ስመለስ ገመዱ ተጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ገብቷል፣ እሳቸው ጠመኔ ይዘው እየጻፉ ነው። ከዚያ ወዲህ ፕሮጀክተሩን አልጠየቁም። ያን ቀን ማለፌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን ሁለተኛ ዙር ስልጠና ስጪ ተብያለሁ፤ ሁለት ቀን ተፈቅዶልኛል። ያንኑ ደግሜ ያንኑ ውጤት ማየት አልፈልግም። ሰልጣኞቹን በኮምፒውተር ችሎታቸው ጀማሪ፣ መካከለኛ እያልኩ ልከፋፍላቸው? ወይስ ስልጠናውን ትቼ በኢንተርኔት የሚሰጡ ኮርሶችን ልጠቁማቸው? በዚህ ያለፈ ሰው ካለ የሠራለትንም ያልሠራለትንም ይንገረኝ።

ሂሳብ አስተማሪ

እህቴ፣ እኔ ከሰልጣኞች ወገን ሆኜ ልመልስልሽ። ሦስት ስልጠና ወስጃለሁ፤ ሦስቱም ያንቺን ይመስሉ ነበር። ሦስቱም ምንም አላደረጉልኝም። እኔን የለወጠኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በሻይ ሰዓት ያሳየኝ ነገር ነው፤ አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ጂኦጀብራ የሚባለውን የሂሳብ ፕሮግራም ከፍቶ ኳድራቲክ ፈንክሽን (ኤ ኤክስ ስኩዌር ሲደመር ቢ ኤክስ ሲደመር ሲ) ጻፈ፤ ኤ፣ ቢ እና ሲን በስላይደር እንዲንቀሳቀሱ አደረጋቸው። ኤን ሲያንቀሳቅስ ፓራቦላው ጠበበ፣ ሰፋ። ሲን ሲያንቀሳቅስ ወደ ላይና ወደ ታች ሄደ። ይሄን አውቀዋለሁ፣ በጠመኔ ስስለው ኖሬያለሁ። ከዚያ «ቢን ሳንቀሳቅስ ቨርቴክሱ (የፓራቦላው ጫፍ) የት የሚሄድ ይመስልሃል?» አለኝ። «ወደ ጎን ነዋ» አልኩት። ቀስ አድርጎ ሲጎትተው ቨርቴክሱ ወደ ጎን ብቻ አልሄደም፤ ወጥቶ ወረደ፣ ራሱ ሌላ ፓራቦላ እየሠራ፣ ወደታች የተገለበጠ ፓራቦላ! ወረቀት አውጥቼ ሠራሁት። ቨርቴክሱ ያለው ኤክስ ኔጌቲቭ ቢ ለሁለት ኤ ሲካፈል በሚሆንበት ላይ ስለሆነ ቢን አስወግጄ ስተካው መንገዱ ዋይ እኩል ይሆናል ኔጌቲቭ ኤ ኤክስ ስኩዌር ሲደመር ሲ ሆኖ ወጣ። ለዓመታት ሳስተምረው አስቤው አላውቅም ነበር።

በነጋታው ይኸንኑ ጥያቄ ለ11ኛ ክፍል ይዤ ገባሁ። ማንም «ቴክኖሎጂ ተጠቀም» ብሎ አላዘዘኝም፤ ጥያቄው ራሱ ነው የገፋኝ። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፦ ለሂሳብ መምህር ፓወርፖይንት አታስተምሪ። ከሂሳቡ ጀምሪ።

የቀድሞ አሰልጣኝ

መዝገቡን ገልጠው ስላዩ በእውነት አከብርዎታለሁ። አብዛኞቻችን አሰልጣኞች በመጨረሻው ቀን የተሞላውን መጠይቅ አይተን ነው የምንበተነው። መጠይቁ ሰዎቹ በስልጠናው መደሰታቸውን ይነግረናል፤ ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብተው ምን እንደሚያደርጉ ግን አይነግረንም።

ችግሩ የእርስዎ ትምህርት ቤት ብቻ እንዳይመስልዎ። የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት የሆነው ኦኢሲዲ በ2018 እ.ኤ.አ. ባካሄደው ታሊስ የተባለ የመምህራን ጥናት፣ በአባል አገሮቹ በአማካይ 56 በመቶ የሚሆኑት መምህራን ለሙያው ሲሰለጥኑ ቴክኖሎጂን ለማስተማሪያነት ስለመጠቀም ተምረው ነበር። በደንብ ተዘጋጅቻለሁ ያሉት ግን 43 በመቶ ብቻ ናቸው። እነዚህ ብዙ መሣሪያ ያላቸው አገሮች ናቸው። መማርና መዘጋጀት አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ቁጥር አላየሁም።

ለምን እንደዚህ እንደሚሆን ለእኔ በደንብ የገባኝ በሁለት ሀሳቦች ነው። የትምህርት ተመራማሪው ሊ ሹልማን በ1986 እ.ኤ.አ. አንድ ነገር አለ፦ ጥሩ መምህር ትምህርቱን ማወቁ፣ ማስተማር በአጠቃላይ መቻሉም አይበቃውም፤ ይህ ርዕስ ለዚህ ተማሪ እንዴት እንደሚገባው የማወቅ ሌላ ዕውቀት ያስፈልገዋል። በ2006 እ.ኤ.አ. ፑንያ ሚሽራና ማቲው ኮህለር በዚያ ላይ ቴክኖሎጂን ጨመሩበት፤ ቲፓክ እየተባለ የሚጠራው ነው። ፍሬ ነገሩ፣ መሣሪያውን ለብቻ ማወቅ ለመምህር ብዙም አይጠቅመውም፤ የሚጠቅመው የትኛው መሣሪያ የትኛውን ርዕስ ለተማሪው እንደሚከፍትለት ማወቁ ነው። እርስዎ በሦስቱ ቀናት የሰጡት መሣሪያውን ብቻ ነው። የቀረውን የማገናኘት ሥራ፣ ከባዱን፣ ለ34ቱ ሰዎች ተውላቸው። ሂሳብ አስተማሪው ወንድማችን በሻይ ሰዓት ያገኘው ግን የተገናኘውን ነው።

ሁለተኛው የብሩስ ጆይስና የቤቨርሊ ሻወርስ ሥራ ነው። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንስቶ ሲያስረዱ የኖሩት፣ ገለጻና ማሳያ ብቻውን ክፍል ድረስ እንደማይዘልቅ ነው፤ መምህሩ አዲሱን ነገር ክፍሉ ውስጥ ሲሞክር አጠገቡ የሚሆን ሰው ሲኖር ነው የሚዘልቀው። እርስዎ በዚያ በር ላይ የቆሙበት ደቂቃ፣ እዚያች ላይ ነበር ስልጠናው መሆን የነበረበት። ይህን ስል ልወቅስዎ አይደለም፤ ልብዎ ቀድሞ ስላወቀው ነው የሚቆጭዎ።

እንግዲህ እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ሁለቱን ቀን አላገናኛቸውም፤ በመካከላቸው ቢያንስ ሦስት ሳምንት አደርጋለሁ። በኮምፒውተር ችሎታም አልከፋፍልም። ጀማሪ የተባለ ሰው ጀማሪ ሆኖ ነው የሚቀረው፤ በተለይ ተማሪው የነበረ ወጣት «መካከለኛ» ተብሎ ፊቱ ከተቀመጠ። በትምህርት ዓይነት ይከፋፍሏቸው፣ ፊዚክስ ከፊዚክስ፣ ታሪክ ከታሪክ። ሁሉም የመማሪያ መጽሐፋቸውን ይዘው ይምጡ። የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ኮምፒውተር አይከፈትም። ጥያቄው አንድ ነው፦ በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ከምታስተምሩት ውስጥ ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚሳሳቱበት የትኛው ነው? ይህን ሲመልሱ እርስዎ ከጎናቸው ሆነው መሣሪያ ይፈልጋሉ። ለአንዳንዱ ርዕስ የሚመጥን መሣሪያ አይገኝም፤ ያኔ «ይሄ በጠመኔ ይሻላል» ብለው በግልጽ ይናገሩ። ይህን ሲሰሙ ነው ሌላ ጊዜ የሚሉትን የሚያምኑት።

ከዚያ እያንዳንዱ ጥንድ አሥር ደቂቃ በባልደረቦቹ ፊት ያስተምር። ከዚያ ክፍል ሲገባ የመጀመሪያውን ጊዜ እርስዎ አብረው ይግቡ። ትምህርቱ የእሱ ነው፣ ገመዱ የእርስዎ። ቀድመው ለተማሪዎቹ «ዛሬ ሁለታችን ነን የምናስተምራችሁ» ከተባሉ ማንም አያፍርም።

አንድ ነገር አደራ፦ ብልሽቱን ያለማምዷቸው። እኔ ሆን ብዬ አበላሻለሁ። ገመዱን ላላ አደርገዋለሁ፤ ፕሮጀክተሩ ኤችዲኤምአይ ሲሰካለት ቪጂኤ እንዲጠብቅ አደርገዋለሁ፤ ድምፁን አጠፋለሁ፤ ላፕቶፑን በራሱ ስክሪን ላይ ብቻ እንዲያሳይ አደርገዋለሁ። ይሄ የመጨረሻው ነው ብዙ ሰው የሚያዋርደው፤ መፍትሔው ደግሞ የዊንዶውስ ቁልፉንና የ«ፒ» ፊደል ቁልፍን አንድ ላይ ተጭኖ «ዱፕሊኬት» የሚለውን መምረጥ ነው። ምናልባት የፊዚክስ መምህሩም ያጡት ይህንኑ ይሆናል። እያንዳንዱ ሰው በገዛ እጁ ሦስት ሦስት ጊዜ ያስተካክል። ከሁለት ደቂቃ በላይ ከወሰደ ደግሞ ተዘግቶ ያው ትምህርት በሰሌዳ እንዲቀጥል ከጅምሩ ይታቀድ። ያኔ ጠመኔ ማንሳት የዕቅዱ ሌላ ክፍል ነው እንጂ ሽንፈት አይሆንም።

የኢንተርኔት ኮርሱን ላልጀመረ ሰው አልመክርም፤ ለጀመረ ግን ጥሩ ነው። ዩኔስኮ ያዘጋጀው፣ ሦስተኛ እትሙ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ የመምህራን የአይሲቲ ብቃት ማዕቀፍ አለ፤ 18 ብቃቶች ናቸው ያሉት። ለራስዎ ያንብቡት፣ ወዴት እንደሚሄዱ ያሳይዎታል። ዝርዝሩን ለሰልጣኞች ግን አያድሉ። በደከመ መምህር ላይ 18 ነገር መጫን ነው።

የኬሚስትሪ መምህር፣ 27 ዓመት

ልጄ፣ ከላይ የተባለው ጥሩ ነው። እኔ ግን ያልተነሳውን ላንሳ፤ ጊዜ። በሳምንት 25 ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር፣ በዚያ ላይ የክፍል ኃላፊ የሆነ ሰው አንድ ሲሙሌሽን (በኮምፒውተር የሚታይ ሙከራ) ፈልጎ፣ አይቶ፣ ለትምህርቱ የሚስማማውን ለይቶ እስኪያዘጋጅ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። ያ ሁለት ሰዓት ከየት ይመጣል? ከእንቅልፉ ነው። ርዕሰ መምህርሽ ሁለት ቀን ከሚሰጡሽ ይልቅ ለእያንዳንዱ የትምህርት ክፍል በሳምንት አንድ ነፃ ክፍለ ጊዜ አብረው የሚያዘጋጁበት ቢሰጡ ይሻላል። ሄደሽ ይህን ጠይቂያቸው። እኔ ብሆን እጠይቃለሁ፣ ጠይቄም አውቃለሁ።

ሌላው፣ ኬሚስትሪን በስክሪን የሚተካ ነገር አይምጣብኝ። ተማሪ ብልቃጥ ይንካ፣ ይሽተት፣ ይድፋ። ነገር ግን ዓይን የማያደርሰውን ለማሳየት ስልኬን እጠቀማለሁ። ታይትሬሽን፣ አሲድ ላይ ቤዝ ጠብ እያደረጉ መጠኑን መለካት፣ ስሠራ ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ ያለ ልጅ ምንም አያይም ነበር። ፊኖልፍታሊን የሚባለው በቀለም የሚያመለክት ፈሳሽ ያለበት አሲድ ውስጥ ቤዙ ጠብ ሲል ሮዝ ቀለም ብልጭ ይልና ሲወዘወዝ ይጠፋል። መጨረሻው ሲቃረብ ለመጥፋት እየዘገየ ይሄዳል፤ ከዚያ አንዲት ጠብታ ስትጨመር ፈዛዛ ሮዝ ሆኖ ይቀራል። ትምህርቱ ያለው እዚያች መዘግየት ላይ ነው። አሁን ስልኩን በማቆሚያ ከብልቃጡ ፊት አቆምና ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኘዋለሁ፤ ነጭ ወረቀት ከኋላ አደርግለታለሁ። 50 ልጅ ትንፋሹን ይዞ አንዲት ጠብታ ይጠብቃል። «አንድ ጨምሩ!» «አይ፣ ቆይ፣ ግማሽ ጠብታ!» ይላሉ። የሚሠራው እውነተኛ ብልቃጥ ነው፤ ስልኩ ያደረገው የኋላውን ረድፍ ወደፊት ማምጣት ብቻ ነው።

ይህን ያሳየኝ አሰልጣኝ አልነበረም፤ የ10ኛ ክፍል ተማሪዬ ነው። ተማሪን መጠየቅ አያሳፍርም ብለሽ ንገሪያቸው። ከእኔ ቃል ወስደሽ ንገሪያቸው።

ባዮሎጂ

መሣሪያ ለሌለው ክፍል አንድ ልጨምር። ለሁሉም ተማሪ ታብሌት ካልኖረ ዲጂታል ማስተማር አይቻልም የሚል ሰው ይገጥምዎታል። አንድ የመምህር ስልክ ብዙ ይሠራል። ፕሊከርስ የሚባለውን ይሞክሩት፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ የተለየ ምልክት ያለው ወረቀት ታትሞ ይታደላል፣ ተማሪው እንደ መልሱ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ወይም ዲ ያለበትን ጎን ወደ ላይ አድርጎ ያነሳል፣ መምህሩ ስልኩን ክፍሉ ላይ ሲያዞር ማን ምን እንደመለሰ ይለቀማል። ጎረቤቱ ስለማያውቅ አይኮርጅም። ስልኩ ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ከሌለ እንደ መልሱ ከአንድ እስከ አራት ጣት ደረት ላይ አስደግፎ ማሳየትም ያስኬዳል።

ዋናው ግን ከተለቀመ በኋላ የሚደረገው ነው። የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ያስፋፋው መንገድ አለ፦ በትክክል የመለሱት ከ30 እስከ 70 በመቶ ከሆኑ መልሱን አትናገር፤ ከጎናቸው ካለው ጋር ይከራከሩ፣ ከዚያ እንደገና ይመልሱ። መምህራን ሲሰለጥኑ መተግበሪያውን መጫን ብቻ ነው የሚያዩት። ቁጥሩን አይቶ «አሁን ምን ላድርግ?» የሚለውን ግን ካልተለማመዱ መተግበሪያው ውጤት መሰብሰቢያ ሆኖ ይቀራል።

የአይሲቲ መምህርት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቀድሞ አሰልጣኝ፣ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ያቺ «ልብዎ ቀድሞ ስላወቀው ነው» ያሏት ነክታኛለች። የኬሚስትሪ መምህር፣ ነገ ርዕሰ መምህሩ ጋ እገባለሁ። አንድ ሥጋት ግን አለኝ። 34 ሰው ክፍል አብሬ ልግባ ብል የራሴን ክፍል ማን ያስተምርልኛል?

የቀድሞ አሰልጣኝ

ሁሉም ጋ አይግቡ። ከየትምህርት ክፍሉ አንድ ፈቃደኛ፣ ስድስት ወይም ሰባት ሰው ይበቃዎታል። ቀጥሎ እነሱ ከባልደረባቸው ጋር ይገባሉ። ፈቃደኛ ሲመርጡ በኮምፒውተር ጎበዝ የሆነውን አይምረጡ፤ ሌሎቹ «እሱማ ይችላል» ነው የሚሉት። ባልደረቦቹ በማስተማሩ የሚያከብሩትን ይምረጡ።

የአይሲቲ መምህርት (ከሰባት ሳምንት በኋላ)

ላሳውቃችሁ ብዬ ነው የተመለስኩት። ነፃው ክፍለ ጊዜ ተፈቀደ፤ በየሳምንቱ አልሆነም፣ በየሁለት ሳምንቱ ነው። ሁለቱን ቀን ለያየኋቸው። የታሪክ መምህራን እስካሁን ልባቸውን የሞላው ነገር አላገኙም፤ ካርታና የቆዩ ፎቶዎች ሞክረን ነበር፣ «በመጽሐፉ ላይ ካለው ምን ለየው?» አሉኝ፣ ልክ ናቸው። ሀሳብ ያለው ይጻፍልኝ።

የፊዚክስ መምህራችንን ለብቻቸው ሄጄ አነጋገርኳቸው። ያን ቀን በበሩ አልፌ መሄዴን ነገርኳቸው፣ ይቅርታም ጠየቅኩ። ዝም ብለው ቆዩና «ተማሪዎች የሚሳሳቱበትን አይደል የምትፈልጊው? ከረንት አምፖል ውስጥ ያልቃል ብለው ነው የሚያምኑት። ስንት ዓመት ስነግራቸው ኖሬ ፈተና ላይ ያንኑ ነው የሚጽፉት» አሉኝ። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀውን የፌት ሲሙሌሽን፣ ሰርኪዩት የሚሠራበትን፣ ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት አውርጄ በፍላሽ ሰጠኋቸው። ገመዱን እኔው እየነቃቀልኩ እሳቸው እያስተካከሉ ተለማመድን። የዊንዶውስ ቁልፉንና «ፒ»ን ሲጫኑት ግድግዳው ላይ ምስሉ ብቅ ሲል፣ «ይቺ ነበረች?» አሉ።

ክፍል ገባን። እኔ ሶኬቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። አንድ ባትሪ፣ ሁለት እኩል አምፖሎች በተከታታይ። ማብሪያው ገና ክፍት ነው። «ሲዘጋ የትኛው ይደምቃል?» ብለው እጅ አስነሱ። ከ46ቱ 29ኙ «ለባትሪው የሚቀርበው» አሉ። ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ ጻፉ፣ ከዚያ ማብሪያውን ዘጉት። ሁለቱ እኩል በሩ። ኤሌክትሮኖቹ ከመጀመሪያው አምፖል በፊትም፣ በሁለቱ መካከልም፣ ከሁለተኛው በኋላም በአንድ ፍጥነት ሲጓዙ ይታያሉ። ክፍሉ ተንጫጫ። ከመጨረሻው ረድፍ አንዲት ልጅ ተነሥታ «ቲቸር፣ ከረንቱ ካላለቀ ታዲያ ባትሪው የሚያልቀው ለምንድን ነው?» አለች።

ማውዙን አስቀመጡ። ፕሮጀክተሩን ሳያጠፉ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ዞረው ጠመኔ አነሱ፣ «ከረንት» እና «ኢነርጂ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ጻፉ፣ ከዚያ እስኪደወል ድረስ ሲያስረዱ ቆዩ። እኔ ከሶኬቱ አጠገብ አንድ ጊዜም አልተነሣሁም።

ስንወጣ ፍላሹን ኪሳቸው ከተቱና «ለሌላው ክፍል ነገ ብቻዬን እገባለሁ። ስልክሽን ግን እንዳታጠፊ» አሉኝ።